«ትንሽ ይጠብቁ» ተብያለሁ፤ ልጠብቅ?

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነ የ7 ዓመት ልጅ አለኝ። የሰማውን ተረት አንዲት ነገር ሳያስቀር መልሶ ይተርካል፤ መጽሐፍ ሲሰጠው ግን ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየጠራ የቃሉ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ይጠፋበታል። ትናንት ያነበበውን ቃል ዛሬ እንደ አዲስ ያየዋል። መምህሩ «ሲያድግ ይተወዋል፤ ትንሽ ይጠብቁ» ይሉኛል። በቅርቡ ደግሞ ትምህርት ቤቱ በታችኛው እርከን ላሉ ተማሪዎች ሁሉ የዲስሌክሲያ (ንባብን የሚያከብድ የመማር ችግር) ቅድመ ልየታ እንደሚያደርግ ገልጾ የወላጅ ፈቃድ ጠይቋል። ልጄ ከወዲሁ ስም እንዳይለጠፍበት ፈራሁ። ልፍቀድ ወይስ ልጠብቅ?

መልስ፦ ፈቃዱን ይስጡ፤ መጠበቁንም ይተዉት። ፍርሃትዎ ግን ምክንያት ያለው ስለሆነ ከእርሱ እንጀምር።

ቅድመ ልየታ ልጁ ዲስሌክሲያ አለበት ወይም የለበትም ብሎ አይወስንም፤ ሥራው ንባብ ሊከብዳቸው የሚችሉ ልጆችን ከብዙዎች መካከል ቶሎ ማመልከት ነው። ለአንድ ልጅ ጥቂት ደቂቃዎች ይበቁታል። ልጁ «ቤት» እና «ባሕር» በአንድ ድምፅ ይጀምራሉ ወይ፣ «ሰማይ» ከሚለው ቃል «ሰ» ቢወጣ ምን ይቀራል እየተባለ በቃል ይጠየቃል፤ የተደረደሩ ፊደሎችን ወይም ሥዕሎችን በፍጥነት እንዲጠራ ይደረጋል፤ «ጋሙፌ» የመሰሉ ትርጉም የሌላቸው ቃላትንም ያነባል። እኔ ትልቅ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ለመጨረሻው ነው፤ እንደ ልጅዎ ብዙ ቃል የሚያውቅ አስተዋይ ልጅ ከሥዕሉና ከታሪኩ እየገመተ ችግሩን ለረጅም ጊዜ ሊሸፍነው ሲችል፣ ሰምቶት የማያውቀውን ቃል ግን ፊደሉን ከድምፁ ካላገናኘ በቀር ሊያነበው አይችልም። ስህተትን ብቻ መቁጠርም አይበቃም። እንደ ጣሊያንኛና ፊንላንድኛ ባሉ፣ ፊደልና ድምፅ እምብዛም በማይለያዩባቸው ጽሕፈቶች፣ ችግሩ ከስህተት ይልቅ በንባብ ዝግታ እንደሚገለጥ በጥናት ታውቋል፤ የእኛም ፊደል ወደ እነዚህ ስለሚቀርብ ልጁ ሲያነብ ሰዓት መያዝ ያስፈልጋል። ልየታ ደህናውን ልጅ የሚጠረጥርበት፣ የተቸገረውንም የሚያልፍበት ጊዜ ስላለ በዓመቱ ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ ቢደገም ይመረጣል።

«ይጠብቁ» የሚለው ምክር ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም ከብዙ ዘመን ልምድ ጋር ይጋጫል። እ.ኤ.አ. በ1896 ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በስሌት ጎበዝ ሆኖ ማንበብ ያቃተውን የ14 ዓመት ልጅ ታሪክ ጽፎ ነበር፤ የልጁ መምህር ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሰጥ ከትምህርት ቤቱ ብልሁ ተማሪ እርሱ በሆነ ነበር ብሎ መስክሯል። ሐኪሙ ነገሩን «የቃል ዕውርነት» ሲል ጠራው። የኋላ ምርምር እንዳሳየው ግን ችግሩ በአብዛኛው ከዓይን ሳይሆን የንግግር ድምፆችን ነጣጥሎ ከመለየትና በፍጥነት ከፊደል ጋር ከማጣመር ላይ ነው፤ ከብልህነት ማነስም አይመጣም። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ያለ እገዛ በራሱ ጊዜ የሚደርስበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። በመጠበቅ የሚያልፈው ዓመት ደግሞ ባዶ ዓመት አይደለም፤ ልጁ በዚያ ጊዜ «እኔ ደደብ ነኝ» የሚለውን ይማርበታል፤ ይህን እምነት ማስተው ንባብን ከማስተማር ይከብዳል።

እገዛው የመጨረሻ ውጤት ሳይጠብቅ ሊጀመር ይችላል። ውጤት የሚያመጣው የድምፅንና የፊደልን ዝምድና በግልጽና በቅደም ተከተል፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እያስተማሩ፣ ከ3 እስከ 5 ልጆች ባሉበት ቡድን በሳምንት ብዙ ቀን አጥብቆ ማስለመድ ነው። ባለቀለም መነጽርና ለዲስሌክሲያ የተሠሩ ናቸው የሚባሉ የፊደል ቅርጾች በጥናት አልተደገፉም፤ ገንዘብዎን አያውጡባቸው። የማየትና የመስማት ችሎታው ግን ይመርመር። በክፍል ውስጥም ሳይዘጋጅ በጓደኞቹ ፊት ጮክ ብሎ እንዳያነብ፣ በፈተና ተጨማሪ ጊዜ እንዲያገኝ፣ በሳይንስና በመሳሰሉት ጥያቄው ተነቦለት በቃል እንዲመልስ መምህሩን ይጠይቁ። በቤት ውስጥ እርስዎ ማንበብዎን አያቋርጡ፤ ራሱ ሊያነበው የማይችለውን ታሪክ በጆሮው እየሰማ ቃላቱና ዕውቀቱ ከእኩዮቹ እንዳይቀሩ ያደርጉታል። ከቤተሰቡ በንባብ የተቸገረ ሰው ካለ ለትምህርት ቤቱ ይንገሩ፤ ዲስሌክሲያ በዘር የመተላለፍ ዝንባሌው ከፍተኛ ነው።

ፈቃዱን ሲሰጡ ውጤቱን ማን እንደሚያየው፣ የተለዩት ልጆች ምን ዓይነት ትምህርት ከየትኛው ሳምንት ጀምሮ እንደሚያገኙና ለውጣቸው መቼ እንደሚለካ በጽሑፍ ይጠይቁ። ሁለተኛው ጥያቄ ዋነኛው ነው፤ ልጆችን ለይቶ ምንም የማያደርግ ትምህርት ቤት እርስዎ የፈሩትን ስም መለጠፍ ብቻ ነው የሚያተርፈው። እንዲህ ያለው ትምህርት ለጥቂት ወራት በትጋት ተሰጥቶ ለውጡ አዝጋሚ ከሆነ፣ የመምህሩን መዝገብ ይዘው በባለሙያ የሚደረገውን ሙሉ ግምገማ ይጠይቁ።