መልስ፦ አዲስ ጓደኛ ወይስ የድሮው?

«ለደስታ የሚበጀው አዲስ ጓደኛ ማፍራት ነው ወይስ የድሮዎቹን መያዝ?» ብለው ለጠየቁት፣ እኔ ወደ ድሮዎቹ አደላለሁ። ምክንያቴ ናፍቆት ሳይሆን ጊዜ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ተራ ትውውቅ ወደ ቀለል ያለ ጓደኝነት ለመሸጋገር 50 ሰዓት ያህል አብሮ ማሳለፍን ይጠይቃል፤ የልብ ወዳጅ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ። ሥራና ቤተሰብ ላለበት ሰው ይህ የወራት፣ አንዳንዴም የዓመታት ጉዳይ ነው። ከድሮ ወዳጅ ጋር ያ ሁሉ ቀድሞ ተከፍሏል። ተጠፋፍታችሁ ከሆነ፣ የሚከብደው መደወሉ ብቻ ነው፤ አንዱ «ረስቶኝ ይሆናል» ብሎ ሲያፍር ሌላውም እንደዚያው እያሰበ ይቀመጣል።

አዲስ ሰው አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ሥራ የቀየረ፣ ልጅ የወለደ ወይም ሐዘን የደረሰበት ሰው በዚያው መንገድ የሚያልፍ ባልንጀራ ያሻዋል፤ የድሮ ጓደኛ አንዳንዴ የሚያውቀው የቀድሞውን እርስዎን ብቻ ነውና። ለዚህ ሳምንታዊ ትምህርት ወይም የስፖርት ቡድን ይሻላል፤ ተመሳሳይ ሰዎችን ደጋግሞ ያገናኛል።

ሲቸግረው ብቻ የሚደውልልዎትን ግን፣ ስንት ዓመት ብትተዋወቁም፣ ለማቆየት አይድከሙ።