«እስኪ እኔን ሆነህ አሳየኝ»

ባለፈው ሰሞን ደብረ ማርቆስ ላይ ትወና ከሚወዱ ልጆች ጋር ስንጨዋወት፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ተነሥታ «ጋሼ፣ በድራማው የሠሩትን ያንን ደብተራ ከየት አመጡት?» አለችኝ። «ከስክሪፕቱ ነዋ!» አልኋት። ሰው ሳቀ። ማታ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ ዋሽቻት ነበርና።

ደብተራውን ያመጣሁት ከየኔታ ነው።

በልጅነቴ ቢቸና አጠገብ ቅኔ ቆጥሬአለሁ። ከጉባኤ ቃና ብዙም አልራቅሁም፤ ያችኑ ሁለት ቤት ስገጥም ሰሙ ሲገኝ ወርቁ ይጠፋኛል። ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ በመለመን ግን የሚስተካከለኝ አልነበረም። «በእንተ ስማ ለማርያም»ን ለባልቴት በአንድ ድምፅ፣ ለአራስ ቤት በሌላ ድምፅ እለው ነበር። ባቴ ላይ የውሻ ጥርስ ጠባሳ ዛሬም አለ። የኔታ ይህንን ሰምተው «ቅኔው እንቢ ቢልህ እንኳ ልመናው ጦም አያሳድርህም» ብለውኛል።

የኔታ ከመናገራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ይጠርጋሉ። ቀጥሎ የግራ ዓይናቸውን ጨፍነው በመቋሚያቸው ጫፍ መሬቱን ይጭራሉ። ተማሪ ሲሳሳት ጭረቱ ይረዝማል። ስሕተታችንን ከአፋቸው ሳንሰማ በፊት መሬቱ ላይ እናየው ነበር።

በ1966 ግርግሩ ሲመጣ ትቼ ወጣሁ። ማርቆስ ኪነት ቡድን ገባሁ፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ መድረክ። የዚህን ዝርዝር በየቃለ መጠይቁ አሰልችቻችኋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ፣ አንድ ሰው የጎጃምን ባላባትም ጭሰኛም በአንድ ጉሮሮ ሲሆን ሰምቼ፣ የእኔም ልመና ለካ ሙያ ኖሯል አልሁ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ በአንድ ተከታታይ ድራማ መተተኛ ደብተራ ሁን ተባልሁ። ቲያትር ቤት ወር ሁለት ወር ልምምድ አለ፤ ሰውየውን ቀስ ብለህ ትፈልገዋለህ። ተከታታይ ድራማ ላይ ግን የሚቀረጽበት ቤት በቀን የተከራየ ነው፤ የክፍል ሦስትም የክፍል ዘጠኝም ትዕይንት በአንድ ቀን ያልቃል። ጠዋት የታረቅኸውን ሰው ከሰዓት በኋላ ትጣላዋለህ፤ በታሪኩ ግን ጠቡ ይቀድማል። ሰውየውን የምታንጠለጥልበት ነገር ከሌለህ ይጠፋሃል። እናም ካሜራው ሲነሣ፣ ሳላስበው ጉሮሮዬን ሁለት ጊዜ ጠረግሁ፤ ዓይኔን ጨፈንሁ፤ በመቋሚያ ወለሉን ጫርሁ። ካሜራ የያዘው ልጅ ሳቀ። ያዝሁት!

ስክሪፕቱ የቅኔ መምህርን ከመተተኛ አይለይም ነበር። በዚያ ቤት ልዩነቱን የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። አንድ ቃል አልተነፈስሁም።

ሰው ወደደው። ታክሲ ውስጥ ልጆች ጉሮሯቸውን ይጠርጉልኛል። ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህንንስ አልዋሽም። ከዚያ ለሕክምና የመጣ የአገሬ ሰው «ልጆች ሻይ ቤት ቴሌቪዥን እያዩ፣ የኔታን መተተኛው ይሏቸዋል» አለኝ።

ወዲያው መሄድ ነበረብኝ። ቀረጻ አለብኝ እያልሁ ስምንት ወር ቆየሁ። ስሄድም ዓባይን ተሻግሬ ደጀን ላይ ቁርስ ስበላ፣ አስተናጋጇ ሒሳብ አልቀበልም ብላ «ይልቅ ባሌን እንዳይመለስ ያድርጉልኝ» አለችኝ። እስከ ቢቸና ስስቅ ሄድሁ።

የኔታ ዓይናቸው ጠፍቶ አገኘኋቸው። በድምፄ ለዩኝ። ያመጣሁትን ጋቢ አስቀምጬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ተነሥ። እኔን ትሠራለህ አሉ። እስኪ እኔን ሆነህ አሳየኝ።»

«የኔታ...»

«ዓይን የለኝም። ልስማው።» መቋሚያቸውን ዘረጉልኝ።

ተቀበልሁ። እጃቸው ያረፈበት ቦታ ለስልሶ ነበር። ስንት አዳራሽ ያናወጠ ሰው ጉሮሮዬ ደረቀ። «ረሳሁት የኔታ» አልሁ።

ዝም አሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ። መቋሚያው እኔ እጅ ስለነበር መሬቱን በጣታቸው ጫሩ። ጭረቱ ረጅም ነበር።

አዲስ አበባ ተመልሼ ያንኑ ደብተራ ዓመት ሙሉ ሠራሁ። የቤት ኪራይ ነበረብኝ።

እንግዲህ ምክር የምትጠብቁ ከሆነ፣ የምታውቁትን ሰው አትሥሩ ማለት ይገባኝ ነበር። ግን አልልም፤ ከሠራሁት ሁሉ የተዋጣልኝ እሱ ነው። ሰውየው በሕይወት ካለ ግን ሂዱ፣ አሳየኝ ሲላችሁም አሳዩት። ስድብ ቢመስላችሁም አሳዩት። ስለ ሰዓት ማክበርና ቃለ ተውኔት ስለማጥናት አልነግራችሁም፤ እሱን የማያውቅ ልጅ ይህን እስከዚህ ድረስ አያነብም።

የዛሬ ልጆች ቃል ሳታጠኑ ተከታይ ትቆጥራላችሁ፤ ሰው ሲያወራችሁ ስልክ ትደግናላችሁ። ይህ ያናድደኛል። በ2008 የቱርክ ድራማ በአማርኛ ሲመጣም እንዲሁ ተናድጄ ከጓደኞቼ ጋር ጮኼአለሁ፤ ማታ ማታ ግን ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።

አንቺ ከኋላ የነበርሽው ልጅም ስልክሽን ደግነሽ ነበር። ቀርጸሽኝ ከሆነ እንዳታጠፊው። «ከስክሪፕቱ ነዋ» ከማለቴ በፊት ያለውን መልሰሽ ስሚው።