ለደብረ ማርቆሷ እህታችን፦ ስለ አዳዲስ ሠራተኞችና አካባቢን ስለማይጎዳ ጽዳት

ደብረ ማርቆስ ላይ አነስተኛ የጽዳት ድርጅት እንደከፈቱ፣ ለመስከረም ሥራ አራት አዳዲስ ሠራተኞች እንደቀጠሩና ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ «ከኬሚካል ነጻ፣ አካባቢን የማይጎዳ ጽዳት እንሰጣለን» ብለው ለደንበኞችዎ ለማሳወቅ እንዳሰቡ ገልጸው፣ ምን ምን ቢገዙ እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔም ባሕር ዳር ላይ በዚሁ ሥራ የቆየሁና እርስዎ አሁን ያሉበትን ጊዜ ያለፍኩበት ስለሆንኩ፣ የዕቃውን ዝርዝር ለሌሎች ትቼ ገንዘብና ስም የሚያሳጣዎትን ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ።

አንደኛ፣ «ተፈጥሯዊ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን ፈሳሽ ሁሉ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ሳያረጋግጡ አይግዙ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የአንድ ሆቴል የበዓል ጽዳት ውል አግኝተን ነበርና፣ የጽዳት ዕቃ በጅምላ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ቅጠል የተሣለበት ጀሪካን አቀረበልን። ከሎሚ የተሠራ ስለሆነ እጅም ወለልም እንደማይጎዳ፣ እንዲያውም ሕፃን ቢቀምሰው ምንም እንደማይሆን በልጆቹ ስም ማለልን። ጀሪካኑ ላይ የአምራቹ ስምም ሆነ የይዘቱ ዝርዝር አልነበረም፤ ስንጠይቀውም «ምስጢሩ የፋብሪካው ነው» የሚል መልስ ሰጠን። የሆቴሉ መወጣጫ ደረጃ ደግሞ ከቴራዞ የተሠራ ነበር። ከሞጣ መጥታ ሥራ ከጀመረች ገና ሳምንት ያልሞላት አንዲት ልጅ ፈሳሹን በውኃ በጥብጣ የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች ስትወለውል፣ ከድንጋዩ ፊት ላይ እንደ ጠላ አረፋ ያለ ደቃቅ ነጭ ነገር ሲፈላ አየች፤ ሽታውም አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሆነባት። ወዲያው ሥራውን አቁማ ንጹሕ ውኃ ደፋችበትና «ይህ ነገር እያጸዳ ሳይሆን እየበላ ነው» ብላ አስጠራችን። ደርሰን ስናይ የሁለቱ ደረጃዎች ወዝ ጠፍቶ ነበር፤ በጣት ሲዳሰሱም ይሻክራሉ።

ቴራዞ የእብነ በረድ ፍርፋሪ በሲሚንቶ ተለውሶ የሚሠራ ነው። የሁለቱም መገኛ በደጀን በኩል ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርዱ የሚያገኙት ዓይነት የኖራ ድንጋይ ስለሆነ፣ አሲድ የሆነ ነገር ሁሉ፣ የወጥ ቤቱ አቼቶና ሎሚ ጭምር፣ ይበላቸዋል። ነጋዴው ጀሪካኑን ይዘን ስንመለስ «በቂ ውኃ አልጨመራችሁበትም» አለን፤ የቆረጠልን ደረሰኝ ላይም የጻፈው «ሳሙና» ብቻ ስለነበር የምንከራከርበት ማስረጃ አልነበረንም። ደረጃዎቹን እንደገና ያስላግንበት ወጪ ከእኛ ክፍያ ላይ ተቆረጠ። ስለዚህ የማያውቁት ፈሳሽ ሲቀርብልዎ ጥቂት የእንቁላል ቅርፊት ላይ ጠብ ያድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ አሲድ ነውና እብነ በረድና ቴራዞ ላይ አያድርሱት። ለመስታወት፣ ለሴራሚክና ውኃ ሲደርቅበት ነጭ ቅርፊት ለሚይዝ ቧንቧ ግን በውኃ የቀጠነ አቼቶ በጣም ጥሩ ነው፤ ያጠቡትን ሁሉ በመጨረሻ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅ ነው። ያቺን ልጅ በዚህ መስከረም የሁለት ሕንፃዎች ጽዳት ተቆጣጣሪ አድርገን ሾመናታል፤ ደንበኞቻችን ስሟን እየጠሩ ይጠይቋታል፣ እኔም እኮራባታለሁ።

ሁለተኛ፣ ከዕቃው በፊት ሠራተኞችዎን ያስተምሩ። አራቱን በቃል ብቻ ቀጥረዋቸው ከሆነ ነገ ዛሬ ሳይሉ የጽሑፍ ውል ይስጧቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በጡረታ ሕጉ ደግሞ ከደመወዛቸው 7 በመቶ ተቀንሶ እርስዎ 11 በመቶ ይጨምራሉ። ጓንትና ቦት ጫማ ማቅረብ የእርስዎ ግዴታ ነውና ከደመወዛቸው እንዳይቆርጡ። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከመጸዳጃ ቤት አሲድ ጋር ፈጽሞ እንዳይቀላቅሉ በመጀመሪያው ቀን ይንገሯቸው። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባል መርዘኛ ጋዝ ይወጣል፤ መስኮቷ ጠባብ በሆነች መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሳንባን ያቃጥላል። ብዙ ሰው ሁለት ኃይለኛ ነገር ሲደመር ይበልጥ ያጸዳል ብሎ ስለሚያስብ፣ «አትቀላቅሉ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ምክንያቱን ማስረዳት ያስፈልጋል። ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ መቀላቀሉ ደግሞ አደጋ ባይኖረውም ጥቅም የለውም። አረፋው ያምራል እንጂ አንዱ የሌላውን ኃይል ስለሚያጠፋው የሚቀረው ከጨዋማ ውኃ ብዙም አይሻልም። ሶዳውን ለብቻው በእርጥብ ጨርቅ አድርገው ምድጃና ማጠቢያ ገንዳ ይፈትጉበት።

ሦስተኛ፣ ስለ እንዶድ ጠይቀዋልና በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ያነጡበት የነበረ ነው፤ ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ አረፋ ያወጣል፣ ጨርቅም በደንብ ያጸዳል። ነገር ግን ከዛፍ የተለቀመ ሁሉ ለአካባቢ ደግ ነው ማለት አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በማየታቸው ነው፣ እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያረጋገጡት። ይኸው ነገር ዓሣንም ይገድላል። እኛ ጣና ዳር የምንሠራ ሰዎች የእንዶድ እጣቢ ወደ ሐይቁ በሚወስድ ቦይ ላይ እንዳይደፋ አጥብቀን እንከለክላለን፤ እርስዎም ወደ ወንዝ እንዳይሄድ ይጠንቀቁ። የዱቄት ሳሙናም ቢሆን ሲበዛ ጉዳት አለው፤ ፎስፌት የሚባለው ንጥረ ነገር ያለበት እጣቢ ሐይቁ ሲገባ፣ ጣናን የወረረው እምቦጭ የሚመገበውን ይጨምርለታል። ባልዲ ሙሉ አረፋ ከማስነሳት ልኩን በማንኪያ ሰፍሮ መጠቀምና ጥሩ የማይክሮፋይበር ጨርቅ መያዝ ይሻላል፤ አብዛኛውን ቆሻሻ የሚያነሣው ጨርቁና ክንዱ ነው። የክረምቱ እርጥበት ግድግዳ ላይ የተወውን ሻጋታም አስቀድመው በአቼቶ ይጥረጉትና መስኮትና በር ከፍተው ያድርቁት፤ ካልደረቀ በምንም ቢያጥቡት ተመልሶ ይመጣል። ግራዋን ግን ጋንና እንስራ ለሚያጥቡበት ጠላ ቤት ካልሆነ በስተቀር ለቢሮ ጽዳት አያስቡት፤ ወለል ላይ አረንጓዴ ምልክት ይተዋል።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልምጣ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጨረታ ላይ ሊወዳደሩ ካሰቡ ሰነዱን አስቀድመው በደንብ ያንብቡ። እኛ በተወዳደርንበት አንድ መሥሪያ ቤት የጽዳት ጥራት የሚለካው በወር በሚፈስሰው የበረኪና ሊትር ነበር። በረኪናውን ለመጸዳጃ ቤቱ ብቻ አድርገን ሌላውን በሳሙናና በጨርቅ እንደምንሠራ በጽሑፍ ብናስረዳ፣ የኮሚቴው ሰብሳቢ ወረቀታችንን ሳያነብ ገፋ አድርጎ «ካልሸተተ አልጸዳም» አለን። ዕድሜዬን የሚያህሉ ሠራተኞቼ ቆመው እየሰሙ «እናንተ ውኃ ልትሸጡልን ነው?» ብሎም ጨመረ። የዚያ ቢሮ የጽዳት ሠራተኞች ዛሬም ዓይናቸው እያለቀሰ፣ እጃቸው እየተላጠ ይውላሉ፤ ይህ ያናድደኛል። በግል ሆቴሎችና በትምህርት ቤቶች በኩል ቢጀምሩ ግን ሰሚ ያገኛሉ። አንድ ክፍል በነጻ አጽድተው ያሳዩዋቸው፤ ሽታ የማይስማማቸው እንግዶችና አስም ያለባቸው ልጆች ልዩነቱን ራሳቸው ይመሰክሩልዎታል።

በመጨረሻ የጠየቁትን ማስታወቂያ በተመለከተ፣ «ከኬሚካል ነጻ» ብለው አይጻፉ። ክሊኒክ ካጸዱ ደም ለፈሰሰበት ወለል በረኪና የግድ ነው፤ 5 በመቶ የሆነውን አንድ እጅ ከ9 እጅ ውኃ ጋር አድርገው 0.5 በመቶ ያደርሱታል። ደንበኛው ያንን ጠርሙስ ባየ ቀን ዋሹኝ ይላል። በምትኩ በየትኛው ክፍል ምን እንደሚጠቀሙ በአንድ ገጽ ዘርዝረው ከውሉ ጋር አያይዙት። የእኛን ዝርዝርና የሠራተኛ ውል ናሙና ከፈለጉ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፤ ሠራተኞችዎን ይዘው ባሕር ዳር ቢመጡም ሥራ ላይ ሆነን እናሳያቸዋለን።