የዓይኑ ነጭ ቢጫ ለሆነው ወንድምሽ

ሰላም እህቴ። ወንድምሽ ከጋምቤላ ከተመለሰ ወዲህ የዓይኑ ነጭ ቢጫ እንደሆነና ጎረቤቶች «የወፍ በሽታ ነው፣ መርፌ እንዳይወጋ፣ ሥር ይጠጣ» እንዳሏችሁ ጽፈሻል። አራት ኪሎ አካባቢ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። እንዲህ ሆነው የሚመጡ ሰዎች ብዙዎቹ መጀመሪያ ሥሩን ሞክረው፣ ሲብስባቸው ነው የሚደርሱልን። እባክሽ እናንተ አትጠብቁ።

አሁን በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ አስቀምጪው፤ አምፖል ያታልላል። ወደ ታች እያየ የላይኛውን የዓይን ቆብ ቀስ ብለሽ ወደ ላይ ሳቢው። ብዙዎቻችን ፀሐይና አቧራ በሚያገኘው የዓይናችን ክፍል ላይ ቡናማ ነገር አለብን፤ እሱ በሽታ አይደለም። በቆቡ ተሸፍኖ የሚውለውም ነጭ እኩል ቢጫ ከሆነ ግን ደሙ ውስጥ ቢሊሩቢን (ቀይ የደም ሴሎች ሲፈርሱ የሚወጣው ቢጫ ቀለም) በዝቷል ማለት ነው። ሽንቱ እንደ ሻይ መጥቆሩን፣ ሰገራው መንጣቱን፣ ሰውነቱን ማሳከኩንም ጠይቂው።

ዓይን ነው ብላችሁ ምኒልክ ሆስፒታል ዓይን ክፍል እንዳትሰለፉ። ይህን የሚያየው የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። ከጋምቤላ ስለመጣ የወባ ምርመራው ለነገ አይባልም፤ ወባ ቀይ የደም ሴሎችን ስለሚያፈርስ ዓይንን ቢጫ ያደርጋል፣ ያ ደግሞ የከባድ ወባ ምልክት ሊሆን ይችላል። የጉበት ምርመራ፣ ጉበትን የሚያሳምሙት የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ቫይረሶች ምርመራ፣ ካስፈለገም የሐሞት መስመር መዘጋቱን የሚያሳይ አልትራሳውንድ ይታዘዝለታል። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ዛሬውኑ ለሚሰጡት ባለሙያዎች ይንገር፤ መድኃኒቱ ራሱ ጉበት ሊጎዳ ይችላል።

ሥር ጠጥቶ የዳነ ሰው ታውቁ ይሆናል። ሄፓታይተስ ኤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ይለቃል፤ ምስጋናውን ሥሩ ይወስዳል። ቢ ወይም ሲ ከሆነ ግን ቢጫው ጠፍቶም ቫይረሱ ጉበት ውስጥ ሊቀር ይችላል። ምንነቱ ያልታወቀ ቅጠል ለታመመ ጉበት ሌላ ሸክም ነው። የመርፌው ፍርሃት አይገርመኝም፤ ያልተቀቀለ መርፌ ሄፓታይተስ ያስተላልፍ ነበር፣ ዛሬም ሁለት ሰው የተጠቀመበት ያስተላልፋል። አዲስ ከማሸጊያው በወጣ መርፌ ለምርመራ ደም ቢሰጥ ግን በሽታው አይብስበትም።



ወንድምሽ ከተቀባዠረ፣ ያልተለመደ ከባድ እንቅልፍ ከጣለው፣ ደም ካስመለሰው ወይም ትኩሳቱ ከበረታ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። መኪና ካጣችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።