ጋስትሮፐብ፦ ማዘዝ፣ መጠጣትና ጉርሻ

ጥያቄ፦ ለንደን ውስጥ በምግቡ ወደተመሰገነ ፐብ (የእንግሊዝ መጠጥ ቤት) ለእሑድ ምሳ ልንሄድ ነው። አስተናጋጅ እንጠብቅ ወይስ ራሳችን ሄደን እንዘዝ? ጉርሻስ?

መልስ፦ እንዲህ ያለው ቤት «ጋስትሮፐብ» ይባላል፤ ፈር ቀዳጁ በ1991 እ.ኤ.አ. ለንደን፣ ፋሪንግደን ሰፈር የተከፈተው «ዘ ኢግል» እንደሆነ ይነገራል። ብዙዎቹ ሁለት ክፍል አላቸው። በመመገቢያው በኩል አስተናጋጅ ይመጣል። በመጠጥ ቤቱ በኩል ግን ተቀምጦ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ የጠረጴዛውን ቁጥር ይዛችሁ ባንኮኒው ጋ እዘዙ፣ እዚያው ክፈሉ።

ለእሑድ ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ፤ ዘግይቶ መድረስም አያዋጣም። የእሑዱ ምሳ ጥብስ ሥጋ በአንድ ላይ ተጠብሶ እስኪያልቅ ይቆረጣል፤ የመጨረሻው ደረቅ ሊሆን ይችላል። አብሮት የሚመጣው ዮርክሸር ፑዲንግ ስሙ እንዳያታልላችሁ፦ ጣፋጭ ሳይሆን ከዱቄት፣ ከእንቁላልና ከወተት የሚጋገር፣ መረቅ የሚፈስበት ነው።

የቢራ መለኪያው አንድ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ነው፤ ግማሽ ማዘዝ አያሳፍርም። ወይን በብርጭቆ በ125፣ በ175 ወይም በ250 ሚሊ ሊትር ይቀዳል። ትልቁ የጠርሙሱ ሲሶ ነውና ተጠንቀቁ! በእጅ ፓምፕ ከበርሜል የሚቀዳው «ካስክ ኤል» የተባለው ቢራ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀርብ «ሞቀ» ብላችሁ አትመልሱት። ኮምጣጤ ከሸተተ ግን መልሱት፣ ይቀየርላችኋል።

ጉርሻን በተመለከተ ሂሳቡን አንብቡ፤ ብዙ ጊዜ 12.5 በመቶ ተጨምሮ ይመጣል። «በፈቃድ» የሚል ከሆነ ማስቀነስ ትችላላችሁ። ባንኮኒ ላይ ለተገዛ መጠጥ ጉርሻ አይጠበቅም።