ጋዎኑ ሰኔ፣ ውጤቱ መስከረም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ የምጽፍልሽ ከባህር ዳር ነው፣ ጣና ዳር አሳ ጠብሼ ነው የምተዳደረው። ትልቋ ልጄ 12ኛ ጨረሰች፣ ባለፈው እሁድ ትምህርት ቤታቸው አስመረቃቸው። ለጋዎን ኪራይ፣ ለፎቶ፣ ለምረቃ መጽሔት፣ ለዲጄ ምናምን ተብሎ 3,500 ብር ሲጠየቅ አባቷ "ገና ማትሪክ ሳትፈተን ምን ሆንኩ ብላ ነው ጋዎን የምትለብሰው፣ ነገ ብትወድቅ ማን ፊት እንቆማለን" ብሎ እምቢ አለ፣ እኔ ግን እቁብ ደርሶኝ ስለነበር ከዛ አንስቼ ከፈልኩ። የዛን ቀን እጄን ሶስቴ በሎሚ ታጥቤ ሄድኩ፣ የአሳ ሽታ እንደሆነ አይለቅም። ለብሳ ስትወጣ እጅጌው ጣቷን ሁሉ ውጦታል፣ ሳቅፋት አንገትጌው የሌላ ሰው ሽቶ ይሸታል፣ እኔ ደሞ አለቀስኩ፣ ደስታ ይሁን ፍርሀት እስካሁን አልገባኝም። አባቷ አልመጣም። አሁን እሷ እያጠናች ነው፣ እኔና እሱ ግን ተኮራርፈናል። አጥፍቼ ይሆን? ብትወድቅስ ምን ልበላት?

መልስ፦ አላጠፋሽም እህቴ። ዲጄው ላይ ብቻ እኔም ከባልሽ ጋር ነኝ፣ ለሶስት ሰአት ጆሮ ማደንቆሪያ ያን ያህል ብር ማውጣት አይዋጥልኝም፣ ጋዎኑ ግን ሌላ ነገር ነው። ልጅሽ የ12 አመት ደብተር ነው የዘጋችው፣ እሱም እንደኛ ጊዜ አይደለም፣ መጋቢት 2012 በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ ገና አንደኛ ደረጃ ነበረች፣ ከዛ ወዲህ ደሞ በክልላችን ስንቱ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እንደከረመ አንቺው ታውቂዋለሽ። ይህን ሁሉ አልፋ ነው እዛ መድረክ ላይ የቆመችው። ይሄ ውጤት አይጠብቅም፣ አልቋል።

አባትየውን ግን ክፉ አታድርጊው። በኛ ጊዜ 12ኛ የጨረሰ ሰው ጋዎን አይለብስም ነበር፣ ጋዎን ማለት ዲግሪ ነው፣ ከባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፖሊ ወይ ፔዳ ግቢ የተመረቀ ሰው ፎቶውን በፍሬም አሰርቶ ሳሎን የሚሰቅለው። ስለዚህ ልጁ ያልደረሰችበትን የለበሰች ነው የሚመስለው። ፍርሀቱም መሰረት አለው፣ በ2014 ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። ከመቶ ልጅ አስርም አልሞላም እኮ! ይህን እየሰማ የማይፈራ አባት ካለ እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

እኔ የከበደኝ "ማን ፊት እንቆማለን" ያላት ነገር ናት። ቤታችሁ ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም፣ ግን እንደኔ ቤት ከሆነ ያን ቃል ልጅቷ በግድግዳው አልፎ ሰምታዋለች፣ አሁን የምታጠናውም ያን ቃል ይዛ ነው።

የኔ ልጅ የ2014 ተፈታኝ ነው፣ ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተሰጠ ጊዜ። ብርድ ልብስና በሶ ሸክፌ ላክሁት፣ ስልክ አይገባም፣ እስኪወጣ ድምጹን አልሰማሁም። ጥቅምት ላይ ተፈትኖ ውጤቱ የመጣው ጥር ነው። ቡና እየቆላሁ ገባና "311" አለኝ፣ ከ700 ነበር፣ ማለፊያው 350። እና እኔ እናት ተብዬ ምን አልኩት መሰለሽ? "የነእገሌ ልጅስ ስንት አመጣ?" አልኩት። ቡናው አረረ፣ እሱም ወጣ፣ ማታ አራት ሰአት ተመለሰ። ሬሚዲያል፣ ማለፊያው ለጎደላቸው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ ገብቶ አልፎ አሁን ካምፓስ ነው፣ ግን እስከዛሬ ውጤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚደውለው ለእህቱ ነው።

ስለዚህ ብትወድቅ ምን ልበላት ያልሽውን መስከረም ላይ አታስቢው፣ አሁን፣ ፈተና ሳትገባ፣ ሶስታችሁም ባላችሁበት ተነጋገሩት። ማለፊያው ቢጎድላትም የሬሚዲያሉን መቁረጫ ነጥብ ካገኘች ሬሚዲያል አለ፣ ካላገኘች በግል ተመዝግባ ደግማ መፈተን ትችላለች፣ ቴክኒክና ሙያም አለ። ይሄን አባቷ በራሱ አፍ ይንገራት፣ አንቺ መቶ ጊዜ ብትነግሪያት የሱን አንዴ አያክልም። እምቢ ካለ ደሞ ስራ ስጪው፣ ለፈተና የምትሄድ ቀን ሻንጣዋን ተሸክሞ በር ድረስ እሱ ያድርሳት፣ አንቺ ቤት ቅሪ። አውቃለሁ መቅረቱ ይከብድሻል። ግን የምረቃው ቀን ያንቺ ነበር፣ ይሄኛውን ለሱ ተይለት።

በነገራችን ላይ ጋዎኑን መልሳችኋል አይደል? ቀን ካለፈ ቅጣት ይቆጥራሉ።