በሁለት ሳምንት ውስጥ በቤት የሚደረግ የኤችአይቪ ምርመራ ይታመናል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ያለ ኮንዶም ግንኙነት እንደፈጸምክ፣ በድድ ፈሳሽ የሚሠራውን መመርመሪያ እንደገዛህና ዛሬ ማታ ልትጠቀምበት እንዳሰብክ ጽፈሃል። «አንድ መስመር ብቻ ከወጣ ነጻ ነኝ ማለት ነው?» ብለሃል። አይደለም። ዛሬ የምታየው አንድ መስመር፣ ማለትም ኔጌቲቭ ውጤት፣ ከ3 ወር በፊት ስለነበረው ጤንነትህ እንጂ ስለዚያ ቀን አይነግርህም።

ይህ መመርመሪያ ቫይረሱን ራሱን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርታቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው፤ እነሱ ደግሞ በቂ ሆነው እስኪታዩ ሳምንታት ይወስዳሉ። ብዙ ሰው ላይ ቀደም ብለው ይታያሉ፣ ነገር ግን በኔጌቲቭ ውጤት ለመተማመን 3 ወር መሙላት አለበት። የሚያሳስበኝ ይኸው ጊዜ ነው። ቫይረሱ ገብቶ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በደም ውስጥ ያለው መጠን በጣም ከፍ ስለሚል ወደ ሌላ ሰው በቀላሉ ይተላለፋል፤ ኪቱ ግን ኔጌቲቭ ሊል ይችላል። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ ኮንዶም አይለይህ። 3 ወር መጠበቅ ከከበደህ ወደ ጤና ተቋም ሄደህ ቀኑን ንገራቸው፤ ቫይረሱን ራሱን ወይም የቫይረሱን ፕሮቲን የሚፈልጉ የላቦራቶሪ ምርመራዎች ቀደም ብለው ያሳያሉ። ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም ወይም ሽፍታ ከመጣብህ ደግሞ ሳትውል ሳታድር ሂድ። ምልክቱ ብቻውን ማረጋገጫ ባይሆንም መመርመር ያስፈልገዋል።

ይህን የምታነቡና ነገሩ ትናንት ወይም ከትናንት ወዲያ የደረሰባችሁ ካላችሁ፣ ኪት ፍለጋ ጊዜ አታጥፉ። በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመርና ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። በፈጠነ መጠን ይሻላል። ወንድሜ፣ ለአንተ ይህ ሰዓት አልፏል፤ ለሌላው ግን ዛሬም አልረፈደ ይሆናል።

አጠቃቀሙን በተመለከተ እኔ የማውቀውን የአፍ መመርመሪያ ልንገርህ፤ የአንተ ሌላ ዓይነት ከሆነ ከማሸጊያው ጋር ያለውን ወረቀት ተከተል። ከምርመራው በፊት 15 ደቂቃ ምንም አትብላ፣ አትጠጣ፣ ማስቲካም አታኝክ፤ የአፍ ማጽጃ ከተጠቀምክ 30 ደቂቃ ጠብቅ። በመመርመሪያው ጫፍ የላይኛውን ድድ አንዴ፣ የታችኛውን አንዴ ጥረግ። ጉንጭና ምላስ አይደለም፣ ድድ ነው። ከዚያ ፈሳሹ ውስጥ ከትተህ ስልክህ ላይ ሰዓት ሙላ። ውጤቱ የሚነበበው ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ያየኸውን አትመን። መቆጣጠሪያው መስመር (ምርመራው መሥራቱን የሚያሳየው) ካልወጣ ምርመራው አልሠራም፤ በሌላ ኪት ይደገማል።

ሁለተኛው መስመር ደብዝዞ ከታየስ? ይህን ያየሁት አንዲት ጓደኛዬ ስትመረመር አብሬያት ተቀምጬ ነው። መስመሩ እጅግ የሳሳ ነበር። መብራቱ ሥር እያዞረች «ይህ መስመር አይባልም» አለችኝ። እኔም እንደ እሷ እንዳይሆን ተመኝቼ ነበር፤ ወረቀቱ ግን የደበዘዘም መስመር ይቆጠራል ይላል። የዚያኑ ዕለት ጤና ተቋም ሄድን። የቤት ውጤት ብቻውን የመጨረሻ ቃል ስላልሆነ በሌላ ምርመራ አረጋገጡላትና ቫይረሱ በደሟ ውስጥ እንዳለ ታወቀ። መድኃኒት ጀመረች። ዛሬ በደሟ ያለው ቫይረስ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ደርሷል፤ በዚህ ሁኔታ መድኃኒቷን እስከቀጠለች ድረስ በግንኙነት ወደ ማንም አታስተላልፍም። ያን ቀን መስመሩን ችላ ብትል ኖሮ ምን እንደሚሆን ሳስበው አሁንም ይጨንቀኛል።

ለዚህ ነው በሌሊት ብቻህን አትመርመር የምልህ። ጤና ተቋም ክፍት በሚሆንበት ቀን በጠዋት ይሁን፣ የምታምነው ሰው አጠገብህ ካለ ደግሞ መልካም። ነገር ግን ማንንም ሰው፣ የትዳር ጓደኛም ቢሆን፣ አስገድዶ ወይም ሳያውቅ መመርመር ፈጽሞ አይገባም።

የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ወይም ቅድመ መከላከያ (ቫይረሱ እንዳይዝ ከግንኙነት በፊት ጀምሮ የሚወሰድ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው በዚህ ኪት ውጤት አይተማመን፤ መድኃኒቱ ፀረ እንግዳ አካላቱን ሊያሳንሳቸው ስለሚችል ቫይረሱ እያለ ኔጌቲቭ ሊወጣ ይችላል። መድኃኒቱን የጀመሩ ሰዎች ተመርምረው «ድኛለሁ» ብለው ሲያቆሙት ያሳዝነኛል።

የገዛኸውን ኪት አትክፈተው፣ አትጣለውም። ማሸጊያው ላይ ያለው የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ከ3 ወሩ በኋላ መሆኑን አረጋግጥ፤ ፀሐይና ሙቀት ከማያገኘው ቦታም አኑረው።